በእድር ድንኳን የተሰጠ የሥዕል ትምህርት

መጋረጃ ነጋዴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «መምህር» ሲሉኝ ሰምታችሁ እንዳትደናገሩ ነው፤ ለመደናገሩ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ። ሱቄ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ነው። ስስ አለ፣ ወፍራም አለ፣ ብርሃን የሚያስገባ አለ፣ የጎረቤት ዓይን የማያስገባ አለ። ፒያሳ ፈርሳ ስትሠራ ከመስኮቶቹ ጋር ብዙ መጋረጃም ሥራ ፈቷል። ግን ሰው አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አልጋ ሳይሆን ስላለመታየት ነውና ገበያችን አልሞተም።

ከመጋረጃ ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ መማር። አንዱ ኳስ ይወራረዳል፣ አንዱ ጫት ይቅማል፣ እኔ እመዘገባለሁ። ታይፕ የተማርኩት ታይፕ ሊጠፋ ሲል ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መኪና የለኝም። ንብ ማነብ ተምሬአለሁ፤ እሪ በከንቱ ባለው ግቢያችን ውስጥ ግን ከዝንብ በቀር የሚበር ፍጥረት የለም። የመጀመሪያ እርዳታ ተምሬ የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ባለቤቴ አስካለ ነበረች። ጣቷን ቢላ ቆርጧት አሰርኩላት፤ ያሰርኩትን ለማስፈታት ክሊኒክ ሄድን። የሳሎናችን ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ሰርተፊኬት ነው። እንግዳ ሲመጣ አስካለ «ይሄ ሁሉ የሱ ነው፤ አምፖል መቀየር ግን አይችልም» እያለች ታስጎበኛለች።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የገባሁት በመጋረጃ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ወርዷል። አወራረዱ፣ እጥፋቱ፣ ጫፉ ወለሉን ነክቶ እንደ ድመት ጥቅልል ማለቱ፤ በነጋዴነት ዘመኔ እንዲህ ያለ አላየሁም። ከየት እንደሚያስመጡት ልጠይቅ ብዬ ነካሁት። ስም ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ። ስልክ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ። ናሙና ሊልኩልኝ ነው ብዬ የሱቄን አድራሻ ሁሉ ጻፍኩ። በማግስቱ «እንኳን ወደ ሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት በደህና መጡ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስለ መጋረጃው ጠየቅኩ። «እሱን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እናየዋለን» አሉኝ። እኔም መጋረጃው እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ሴትዮዋ ከሞተች ዘመን ማለፉን፣ መጋረጃውም ቀለም እንጂ ጨርቅ አለመሆኑን አስረዱኝ። ተናድጄ ልወጣ ስል መውጫው የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁትም። ስለዚህ ጨረስኩት።

መጨረሻውን ተከትሎ ነው ጉዱ የመጣው። ኮርሱን የሚመሩት ዶክተር ሶስና የሚባሉ ሴት ደወሉልኝ።

«በአማርኛ በኢንተርኔት የሚያስተምርልን ሰው እየፈለግን ነው» አሉኝ። «ፈተናዎ ላይ ስለ መጋረጃ ብዙ ይጽፋሉ እንጂ የቀረው ጥሩ ነው። አንድ የሙከራ ትምህርት በቀጥታ ይስጡ። አድማጮቹን እርስዎ ያዘጋጁ። እኔ ድምፄን አጥፍቼ አያለሁ። አድማጮችዎ እስከ መጨረሻው ከቆዩ ኮርሱ የእርስዎ ነው።»

ወደ ቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት።

«አስተማሪ?» አለች።

«አዎ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ማንን?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

አስካለ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «እንግዲህ ስማኝ። ይሄን ካለፍክ እኔ ራሴ እየተቀመጥኩ እማርልሃለሁ። ካላለፍክ ግን መመዝገብ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳም። ግድግዳውም ይራቆትና ቀለም ይቀባል።»

«ሁሉም ይወርዳሉ?»

«የንብ ማነቡ ይቆይ። ፍሬሙ ቆንጆ ነው።»

ማልኩላት። ሰው ሲምል የሚገባው ከማለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ቀና ብዬ ያየሁት። መጋረጃ እየሸጥኩ የኖርኩት እንጀራ ስለሚያበላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳኝ ግን አንድ ያልጨረስኩት ትምህርት ስላለ ነው። እሱ ከተወሰደ ምን ብዬ ነው የምነሳው?

አድማጭ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት ከሱቄ ጎን ጫማ ወደሚሸጠው ሸምሱ ዘንድ ነው። ሸምሱ ሲስቅ አይታይም፤ ሰው ሲያስቅ ግን ይውላል።

«ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ስለ ሥዕል ታሪክ አስተምራለሁ፤ ና» አልኩት።

«ሥዕል ደግሞ ምን ታሪክ አለው? እዛው ግድግዳ ላይ አይደል የሚውለው።»

«በኢንተርኔት ነው፤ ሱቅህ ሆነህ ታያለህ።»

«ዳታው በማን ነው?»

የሌሎቹም መልስ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የአራዳ ልጅ ለዳታ ከሚከፍል በእግሩ ይመጣል ብዬ ዘዴ ቀየርኩ። ትልቁን ቴሌቪዥን ግቢ አወጣለሁ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዘዋለሁ። የኮምፒውተሩ ካሜራ ሰዎቹን ለዶክተር ሶስና ያሳያል፣ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለሰዎቹ ያሳያል። ያልረሳሁት ነገር አልነበረም፤ ወሩ ነሐሴ መሆኑን ብቻ ነው የረሳሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ ካፊያ አልነበረም፣ የዘንድሮውን ሁሉ ሊጨርስ የመጣ ነበር። አስካለ ለፍልሰታ ልታስቀድስ ወጥታ ከዚያው ወደ እህቷ ዘንድ አልፋለች። የማማክረው ሰው ስላጣሁ በራሴ አሰብኩ። አስቤ ወደ እድራችን ዕቃ ቤት ሄድኩ። እንደ መምህር ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ሳጠና ስላደርኩ ዓይኔ በርበሬ መስሏል።

«ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ፈልጌ ነበር» አልኩት ዕቃ ጠባቂውን።

ቀና ብሎ አየኝ። ልብሴን አየ፣ ዓይኔን አየ። ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን አነሳና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«እኛ እንተክለዋለን። አንተ ቤትህ ግባ፣ አትቁም» አለኝ።

እንዲህ ያለ ትሁት ሰው በሰፈራችን መኖሩን አላውቅም ነበር።

አሁን አንባቢ ከእኔ ቀድሞ እንደገባው አውቃለሁ። በፍልሰታ ሠርግ የለም። በማክሰኞ ድግስ የለም። በማክሰኞ፣ በፍልሰታ፣ ያ አረንጓዴ የእድር ድንኳን ከአንድ ሰው ግቢ ከተተከለ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥሩምባም አያስፈልገውም። እኔ ግን ያን ቀን ጭንቅላቴ ግብጽ ነበር። ግብጽ የነበረበትን ምክንያት እመጣበታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ይመጣ ጀመር። የጠራኋቸው መጡ፣ ያልጠራኋቸው መጡ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ተበትነው ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም የገቡት የድሮ ጎረቤቶቻችን ሁለት ታክሲ ለውጠው መጡ። የሰፈራችን ስም እሪ በከንቱ ነው፤ ጮኸው ሰሚ የማይገኝበት ማለት ነው። ያን ቀን እኔ ሳልጮህ ሰሚው ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ለዝናቡ መሰለኝ። አንዷ በድስት ንፍሮ ይዛ ገባች፤ ለተማሪ ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሸምሱ ሱቁን ለበሽታ እንኳ አይዘጋም።

«አላህ ያጽናህ» አለኝ አቅፎ።

«አሜን። ከባድ ነው» አልኩ፤ ፈተናውን ማለቴ ነው።

«ድንገት ነው?»

«ለእኔማ ድንገት ነው። በስልክ ነው የነገሩኝ።»

«ወይ ጊዜ» አለ ራሱን እየነቀነቀ፤ «እንዲህ ያለውም ነገር በስልክ ሆነ?»

አንድ ነገር ላስረዳ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ያላወቀ ሰው ቁጭ ይላል፣ ነጠላውን አፉ ላይ ያደርጋል፣ ከአጠገቡ ከሚያለቅሰው ቃል በቃል እየለቀመ ሟቹን ይደርስበታል። ያን ቀን ችግሩ ሁሉም ለቃሚ መሆኑ ነው፤ የሚዘራ አልነበረም። እኔ እስክነሳ ድረስ።

ተነሳሁ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

የመረጥኩት ሥዕል የአንድ ወጣት መልክ ነው። ፀጉሩ ከርዳዳ፣ ፊቱ ጠይም፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጺሙ ገና የጀመረው። ግብጽ ውስጥ በድሮ ዘመን ሰው ሲሞት እንዲህ ያለ ሥዕል ከሬሳው ጋር ይቀበር ነበር። የመረጥኩትም ዓይኑ የእኛን አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለሚመስል፣ ሰው አይሰለቸውም ብዬ ነው። ሰው አልሰለቸውም። ሥዕሉ ብቅ ሲል ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ፤ አንዳንዱም «ነፍስ ይማር» አለ። እንዴት ያለ ንቁ ተማሪ ነው አልኩ።

«ይህን ወጣት የምታዩት» ብዬ ጀመርኩ፣ «ግብጽ ነው ያረፈው።»

«በሰው አገር» አለች አንዷ።

«አሸዋ ውስጥ ነው ያገኙት።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳግ ያዛት። ከፊት አግዳሚ ላይ እማማ ዘነበች ተቀምጠዋል። እማማ ዘነበች የሰፈሩ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ እሳቸው ያልገጠሙለት ሰው ሞተ አይባልም። እጃቸውን አነሱ። ከተማሪዎቼ መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ዶክተር ሶስና እያዩ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

«ዕድሜው?» አሉ።

«ለጋ ነው እማማ። ጺሙን እንኳ አልጨረሰም።»

«ምን አገኘው?»

«እሱ አልታወቀም። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።»

«መከራከር ሥራቸው ነው። በምን ቀበሩት?»

«የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ሰያፍ ሰያፉን ተጠቅልሎ፣ ልክ እንደ…» እዚህ ላይ ስለ ጨርቁ ትንሽ በዛሁ፤ የነጋዴ አፍ ነው።

«ሳጥን እንኳ ሳይኖረው» አሉ እማማ ዘነበች፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን በቀስታ እየመቱ አወረዱት፦

«ምነው ዝም አልክሳ ዓይንህ እያወራ፣
ማን ዘመድ አግኝተህ ቀረህ በዚያ ስፍራ፤
አሸዋው ነው አሉ ያለበሰህ ጋቢ፣
እናት ሳትቀመጥ፣ ሳይኖርህ ሰብሳቢ።»

ድንኳኑ ተነሳ። ማለቴ ለቅሶው። እኔ በኮርሱ ላይ «የሥነ ጥበብ ሥራ ስሜትን ይነካል» የሚል ምዕራፍ ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ይነካል ብሎ ግን የነገረኝ የለም። ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔ ራሴም ምን እንደነካኝ ሳላውቅ እንባዬ መጣ። በለቅሶው መሐል ቀለሙን በቀለጠ ሰም ለውሰው እንዴት በእንጨት ላይ እንደሚሥሉ ለማስረዳት ብሞክርም የሚሰማኝ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ተናገረ።

«ይቅርታ መምህር፣ ተማሪዎቹ ደህና ናቸው?»

ዶክተር ሶስና አላስችል ብሏቸው ድምፃቸውን መክፈታቸው ነው። ግን ስክሪኑ ላይ እሳቸው የሉም፤ ያለው ልጁ ነው። ለቅሶው እንደ ቧንቧ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ሸምሱ በቀስታ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ሴት ነበር እንዴ?»

«ደህና ናቸው ዶክተር» አልኩ ወደ ኮምፒውተሩ፤ «ትምህርቱ ገብቷቸው ነው።»

«ሐኪሟ ነች» ተባለ ከኋላ። «አሁን ምን ይሠራል፣ ቀድማ አትደውልም ነበር?»

ይህን ሳልመልስ የግቢው በር ተበረገደ። አስካለ ናት። አንዷ ጎረቤታችን ስልክ ደውላላት «ቤት ነይ፤ ምንም የለም፣ ደህና ነው፣ ብቻ ነይ» ብላታለች። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ተደውሎለት ደህና ነገር ያገኘ ሰው የለም። ድንኳኑን አየች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ባሌን፣ ባሌን» እያለች በሰው መሐል መጣች። እኔ ፊቷ ቆሜአለሁ። አልፋኝ ሄደች። ከዚያ ተመለሰች።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ። ትምህርት ላይ ነኝ።»

ደረቴን በእጇ ነካ ነካ አደረገችው፤ ሌባ የሰረቀው ዕቃ ተመልሶ ሲገኝ እንደሚደረገው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

«ታዲያ ማነው የሞተው? ይሄ ልጅ ማነው?»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ ፊት ዘንበል ሲል አየሁት። ለካ ሁሉም ይህን የሚጠይቅላቸው ሰው ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ለእኔም ያን ጊዜ ነው ንፍሮው፣ ነጠላው፣ የዕቃ ጠባቂው እጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ጭንቅላቴ ውስጥ የወደቀው።

«ስሙ አይታወቅም» አልኩ ዝግ ብዬ። «ከሞተ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይሆነዋል።»



ቀድሞ የተነሳው ሸምሱ ነው። ቆቡን አስተካከለ። «ሁለት ሺህ ዓመት» አለ። «ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ሰው እሁድ እስኪመጣ መቆየት አቅቶት ነው ሱቅ ያስዘጋኸኝ?» ከኋላውም አንድ ሁለት ሰው ተነሳ፣ አግዳሚ ተንቋቋ፣ ነጠላ ተሰበሰበ። ካሜራው ሁሉን ያያል። ሰው ከወጣ አለቀ። ስለ ሥዕሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ስለ ተልባ እግር ጨርቅ ብቻ ስለሆነ መልሼ ዘጋሁት።

«ቁጭ በል ሸምሱ» አሉ እማማ ዘነበች።

«እማማ፣ ሰውዬው እኮ የሞተው…»

«ሞቷል አልሞተም?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያ።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ለዚህ ልጅ ተለቅሶለታል?»

መምህር ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ልደሰት ግን አልቻልኩም።

«አይታወቅም እማማ። የሚያውቅ የለም።»

«ድንኳን ተተክሎለታል?»

«እሱም አይታወቅም።»

የእማማ ዘነበች ልጅ በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዘመን ሆኗል። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አልተተከለም፤ መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ማሟረት ነውና ለሰው ሁሉ ሲያወርዱ ለእሱ አንድ ቀን አላወረዱም። ይህን ድንኳኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልተገኘም። የተነሱት አንድ በአንድ ተቀመጡ። ሸምሱም ተቀመጠ፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አስካለ ፊቷን ጠርጋ ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ያዘች።

«ቀጥል» አሉ እማማ ዘነበች። «ሰሙን እንዴት እንዳደረጉት አልጨረስክልንም።»

ቀጠልኩ። ሰሙን ነገርኳቸው፣ እንጨቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ነጥብ አሳየኋቸው። ሠዓሊው ሁሉን ጨርሶ በመጨረሻ ጥቁሩ ዓይን ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ጠብ አድርጓል፤ ከመስኮት የገባች ብርሃን መሆኗ ነው። እሷ ባትኖር ዓይኑ እንደ ተዘጋ መስኮት ይሆን ነበር።

«መምህር» አሉ እማማ ዘነበች ቆይተው። «ከትንሽ ፎቶ ላይ አይቶ እንዲህ አድርጎ የሚሥል ሰው ዛሬም ይገኛል?»

«ይገኛል እማማ። እኔ እፈልግልዎታለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላም የሚነሳ ጠፋ። ንፍሮው ዞረ። ከሩቅ የመጡት የድሮ ጎረቤቶች ማን የት እንደ ገባ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ አንዱን ካየ ስንት ጊዜው ነው። ዶክተር ሶስና መልካቸውን አሳዩን። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እኔ እስከ ዛሬ ሳስተምር» አሉ፣ «ተማሪዎቼ ወይ ይተኛሉ ወይ ይወጣሉ። ይሄ ምን ዓይነት የማስተማር ዘዴ እንደሆነ አልገባኝም።»

«ለእኔም አልገባኝም ዶክተር» አልኩ፤ ትሕትና መሰላቸው።

«ኮርሱ የእርስዎ ነው። ቀጣዩን ትምህርት መቼ እንያዘው?»

ከእኔ ቀድመው እማማ ዘነበች መለሱልኝ።

«ከነገ ወዲያ ነዋ። ሰልስቱ አይደል?»

«ሐሙስ» ብለው ዶክተር ሶስና ጻፉ።

እንግዲህ ኮርሴ የሚሄደው በዚህ ነው። ሰልስት አለን፣ ሰባት አለን፣ አርባም ይደርሳል። የማስተምረው ታሪክ ይሁን የማስለቅሰው ሰፈር እስከ ዛሬ አልለየልኝም፤ ጠይቄም የሚነግረኝ አላገኘሁም። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ድንኳኑን ስንነቅል «በሚቀጥለውስ ማን ነው?» ብሎ በጆሮዬ ይጠይቀኛል፤ እንዲዘጋጅ ነው።

ሐሙስ ለት ግን እንደ አስተማሪ አሰብኩና ሰዉ ትንሽ ይረፍ ብዬ ሌላ ሥዕል አመጣሁ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ወይንና ሎሚ፣ አንዱ ሎሚ ግማሹ ተልጦ ልጣጩ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ታላቅ ሥራ ነው። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሳህኑን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ።

«ዛሬ ማነው?» አሉ እማማ ዘነበች።

«ዛሬ ሰው አይደለም እማማ። ፍራፍሬ ነው። ብርሃኑን ልብ ብላችሁ ብታዩት…»

«ሱቅ ዘግቼ የመጣሁት ለሎሚ ነው?» አለ ሸምሱ።

ስለ ልጣጩ አወራረድ ጥቂት ለመናገር ሞከርኩ። እማማ ዘነበች በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሲጨርስ ልንገረው ብለው ጠብቀው ነበር፤ እንደማልጨርስ ሲያውቁ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ትምህርትህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አንተ ብቻ ሰው ሰዉን አምጣልን። የቀረውን እኛ እናውቃለን።»